ስለ ደም ግፊት፤ ከሕፃንነት እስከ ሽምግልና

ባለፈው ዓመት ክረምት ለዕረፍት ወደ መሰላ በሄድሁ ጊዜ አያቴን ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ አገኘኋቸው። «ምን አሉዎት፥ እማማ?» ብዬ ብጠይቃቸው፥ «ደምሽ በዝቷል ተባልሁ፤ ከበዛማ ይቀነሳ!» ሲሉ መለሱልኝ። እንዳሉትም አደረጉ። በሳምንቱ ዋግምት ከሚያደርግ ሰው ዘንድ ሄደው ከጀርባቸው ደም አስወጥተው መጡ። የተሰጣቸውን ክኒንም ሁለት ወር ያህል ከዋጡ በኋላ ራስ ምታቱ ስለ ተዋቸው፥ «ድኛለሁ» ብለው አቆሙት። እኔ ወደ ትምህርቴ ለመመለስ ዕቃዬን ሳስር ይህን ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ዝም አልሁ። በጥር ወር አንድ ማለዳ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው፤ አፋቸው ወደ አንድ ጎን ዞረ፤ ንግግራቸውም ተሳሰረ።

እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እንጂ የሕክምና ተማሪ አይደለሁም። ነገር ግን አያቴን ያሳሳታቸው ነገር አንድ ቃል መሆኑን ሳስብ፥ ይህ ጉዳይ ከእኛም ፋኩልቲ ሩቅ እንዳልሆነ ተረዳሁ። «ደም ብዛት» ብለን ስንጠራው ሕዝባችን የሚሰማው ትርጉም ግልጽ ነው፤ በሰውየው ገላ ውስጥ ያለው ደም ከልክ አለፈ ማለት ነው። «ደም ማነስ» የሚባለው ደግሞ ተቃራኒው ይመስላል። ስለዚህ ደም የበዛበት ሰው ደሙን ያስወጣል፤ ደም ያነሰው ሰው ግፊት አይነካኝም ብሎ ይተማመናል። ሁለቱም ስሕተት ነው። ደም ማነስ ማለት በደሙ ውስጥ ያለው ቀይ ንጥረ ነገር ማነሱ ነው። ደም ብዛት የምንለው ግን ደሙ የሚሄድበትን ቧንቧ ግድግዳ የሚገፋበት ኀይል ከመጠን ማለፉ ነው። አንድ ሰው፥ በተለይም ነፍሰ ጡር ሴት፥ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልትታመም ትችላለች። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «የደም ግፊት» የሚለውን ስም እጠቀማለሁ።

ልባችን በአንድ ቀን ወደ መቶ ሺህ ጊዜ ያህል ትመታለች። በመታች ቁጥር ደም ወደ ቧንቧዎቹ ይረጫል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል፤ ይህ የላይኛው ቁጥር ነው። በሁለት ምት መካከል ልብ ስታርፍ ግፊቱ ይወርዳል፤ ነገር ግን ቧንቧዎቹ እንደ ላስቲክ ተለጥጠው ስለሚሰበሰቡ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ይህ የታችኛው ቁጥር ነው። «120 በ80» ሲባል የላይኛው ግፊት 120 ሚሊ ሜትር የሚሆን የሜርኩሪ ዐምድ ያነሣል፥ የታችኛው ደግሞ 80 ያነሣል ማለት ነው። ሜርኩሪ ከውሃ 13 ጊዜ ተኩል ያህል ስለሚከብድ፥ ያው 120 በውሃ ቢለካ ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ይቆማል። እንግሊዛዊው ቄስ ስቴፈን ሄልስ በ1733 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ተረከው፥ በአንዲት ባዝራ የደም ቧንቧ ውስጥ ቀጭን የናስ ቧንቧ አግብቶ በላዩ ረጅም ብርጭቆ ቢተክልበት፥ ደሙ ከሁለት ሜትር ተኩል ያላነሰ ሽቅብ ወጣ። ባዝራይቱ ከዚያ በኋላ አልኖረችም። በሰው ላይ እንዲህ ማድረግ ስለማይቻል ሌላ ዘዴ እስኪገኝ ከመቶ ስድሳ ዓመት በላይ ፈጀ።

ዘዴውን ያገኘው ሺፒዮኔ ሪቫ ሮቺ የተባለ ኢጣሊያዊ ሐኪም ነው። ክንድ ላይ የሚጠመጠመውንና በነፋስ የሚነፋውን መታጠቂያ ለዓለም ያስታወቀው በ1896 እ.ኤ.አ.፥ ማለት አገሩ ዐድዋ ላይ በተሸነፈችበት በዚያው ዓመት ነው። (ከዚያ ዓመት ኢጣሊያኖች ለዓለም ያበረከቱት በጎ ነገር ቢኖር አንዱ ይህ ነው።) በ1905 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኒኮላይ ኮሮትኮቭ የተባለ የሩስያ ቀዶ ሐኪም ከመታጠቂያው በታች የጆሮ ማዳመጫ አስጠግቶ፥ ነፋሱ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚሰማው ድምፅ የላይኛውን፥ ድምፁ የሚጠፋበትም የታችኛውን ቁጥር እንደሚያመለክት አሳየ። ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚደረገው ከዚህ ብዙ የራቀ አይደለም።

እንግዲህ ጤናማ የሚባለው ስንት ነው? መልሱ በዕድሜ ይለያያል፤ ሰዎች በሚያስቡት ዓይነት ግን አይደለም።

ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያው ቀን የላይኛው ቁጥር 70 ገደማ ነው። ይህ ለእኔና ለእናንተ ቢሆን ራስ የሚያስት ነበር፤ ለሕፃኑ ግን ልክ ነው። አንድ ዓመት ሲሞላው ወደ 85 ገደማ ይደርሳል፤ በዐሥር ዓመቱ መቶን ጥቂት ያልፋል። በልጅነት ጊዜ ለሁሉ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ሐኪሞች የልጁን ዕድሜ፥ ጾታና ቁመት ከሠንጠረዥ ጋር ያስተያያሉ፤ ረጅም ልጅ ከአጭሩ ጥቂት ከፍ ያለ ግፊት ቢኖረው አያስደንቅም። በልጅ ላይ እውነተኛ ከፍተኛ ግፊት ሲገኝ ብዙ ጊዜ ከበስተኋላው ሌላ ነገር፥ በተለይም የኩላሊት በሽታ፥ ይገኛል፤ ስለዚህ በቸልታ አይታለፍም። ከ13 ዓመት ጀምሮ ግን ሠንጠረዡ ተዘግቶ የዐዋቂው መለኪያ ይያዛል።

የዐዋቂው መለኪያ የታወቀ ነው። ከ120 በ80 በታች መልካም ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ሆነ አገራችን የሚሠሩበት የበሽታ ድንበር 140 በ90 ነው፤ ከሁለቱ ቁጥሮች አንዱ ብቻ ቢያልፍም ይቈጠራል። አሜሪካኖች በ2017 እ.ኤ.አ. ድንበሩን ወደ 130 በ80 ስላወረዱት አንድ ሰው አትላንቲክን በአውሮፕላን ሲሻገር በሽተኛ ሊሆን ይችላል። ነገሩ የሚያሥቅ ቢመስልም ምክንያት አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ፥ ከ61 ጥናቶች የአንድ ሚሊዮን ሰዎች ታሪክ የተሰበሰበበት ምርመራ እንዳሳየው፥ ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 በሆነ ሰዎች ላይ ከ115 ጀምሮ የላይኛው ቁጥር 20 በጨመረ ቁጥር በስትሮክ የመሞት አደጋ ከእጥፍ በላይ ይሆናል። እዚህ ድረስ ደኅና፥ ከዚህ በኋላ በሽታ የሚል አጥር ተፈጥሮ አላቆመችም፤ አጥሩን ያቆሙት ሰዎች ናቸው።

በእኛ ዕድሜ ደግሞ የታችኛው ወገንም መነገር አለበት። ቀጠን ያለችና ጤነኛ የሆነች ተማሪ 95 በ60 ተብላ «ግፊትሽ ወርዷል» ሲሏት የምትደነግጠው በከንቱ ነው። ካላዞራት፥ ካልጣላት፥ ደምም ካልፈሰሳት በቀር ይህ በሽታ ሳይሆን ልማዷ ነው።

እኅቶቻችንን በተለይ የሚመለከተው ግን የእርግዝና ዘመን ነው። በጤናማ እርግዝና ግፊቱ እስከ መካከለኛዎቹ ወራት ዝቅ ይላል፤ ወደ መውለጃው ሲቃረብ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ 140 በ90 ከደረሰና በሽንትም ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ፥ ወይም ኩላሊትና ጉበትን የመሳሰሉ ብልቶች መጎዳታቸው ከታየ፥ የእርግዝና መመረዝ የሚሉት ነገር መጣ ማለት ነው። 160 በ110 ከሆነ ጊዜ የማይሰጥ አደጋ ነው። ምልክቱ የማይለቅ ራስ ምታት፥ የዐይን ብዥታ፥ ከጎድን አጥንት በታች የሚሰማ ሕመም፥ የፊትና የእጅ እብጠት ነው። ከዚህ አልፎ ሴቲቱ ስትንቀጠቀጥ በገጠራችን ጂኒ ያዛት፥ ሰይጣን ጣላት ይባልና ጭስ ይጨስባታል፤ ሕይወቷን የምታተርፍበት ሰዓት እንዲሁ ያልፋል። ማግኒዥየም ሰልፌት የሚባለው መድኃኒት እንዲህ ያለውን መንቀጥቀጥ ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ በ33 አገሮች ወደ ዐሥር ሺህ በሚጠጉ ሴቶች ላይ ተፈትኖ በ2002 እ.ኤ.አ. ታውቋል፤ ዋጋውም ውድ አይደለም። ውድ የሚሆነው መንገዱ ነው። ከመሰላ ገጠር እስከ አሰበ ተፈሪ ሆስፒታል (ዛሬ ጭሮ በሚባለው ከተማ) ያለውን ዳገትና ቁልቁለት በቃሬዛ የተጓዘ ሰው ይህን ያውቃል። ስለዚህም ነው በእያንዳንዱ የእርግዝና ክትትል ግፊት መለካት የሚገባው። አደጋው ከወሊድ በኋላም በሳምንታት ውስጥ ሊመጣ እንደሚችል አይዘንጋ።

በጐልማሳነት ግፊት ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ወንዶች ቀድመው ይጀምራሉ፤ ሴቶች የወር አበባ ካቆሙ በኋላ ይደርሱባቸዋል፤ ያልፏቸዋልም። ዱሮ ሐኪሞች ራሳቸው «ዕድሜህ ላይ መቶ ጨምር፤ ልክህ ያ ነው» ይሉ ነበር። በዚህ ሒሳብ የ70 ዓመት ሽማግሌ 170 ቢሆን ምንም የለበትም ማለት ነው። እንዲያውም ቧንቧው ሲጠብ ደም እንዲያልፍ ከፍተኛው ግፊት የግድ ያስፈልጋል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ።

የዚህ አስተሳሰብ ዋጋ በአንድ ታላቅ ሰው ላይ ታይቷል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በመጋቢት 1944 እ.ኤ.አ. ሲመረመሩ ግፊታቸው 186 በ108 ነበር። በየካቲት 6 ቀን 1937 ዓ.ም. በስዊዝ ካናል፥ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ላይ ከቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ጋር ሲነጋገሩ የነበሩት እኒያው ሰው ናቸው። ከዚያ ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ፥ በሚያዝያ 4 ቀን፥ «ራሴን አመመኝ» ብለው ወደቁ፤ ሐኪማቸው ሲለካቸው ከ300 በ190 በላይ ሆነ፤ በጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈስሶ በ63 ዓመታቸው ሞቱ። የዓለም ታላቅ ኀይል መሪ የነበሩት ሰው በዚያን ጊዜ ያገኙት ሕክምና ዕረፍት፥ ጨው መቀነስና የልብ መድኃኒት ነበር፤ ዛሬ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ዓይነት ክኒን ገና አልተሠራም ነበር። ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስወጣ የሚያደርገው ክሎሮታያዛይድ ገበያ ላይ የዋለው ከ12 ዓመት በኋላ ነው። አያቴ በመሶብ ክዳን ሥር የረሱት ክኒን የዚያ መድኃኒት የቅርብ ዘመድ ነው። ሩዝቬልት ያላገኙትን አያቴ አግኝተው ነበር ለማለት ነው።

በሽምግልና ቧንቧው የላስቲክነቱን ጠባይ ያጣል፤ እንደ ደረቀ ጎማ ይሆናል። ልብ ስትመታ ስለማይለጠጥ የላይኛው ቁጥር ይወጣል፤ ስታርፍ ስለማይሰበሰብ የታችኛው ይወርዳል። ስለዚህ ከ60 ዓመት በኋላ 165 በ75 የመሰለ ቁጥር የተለመደ ነው። የተለመደ ነው ማለት ግን ጤናማ ነው ማለት አይደለም። ዕድሜያቸው 80 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆነ ከሦስት ሺህ ስምንት መቶ በሚበልጡ ሰዎች ላይ የተደረገና በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፥ ግፊታቸውን ወደ 150 በ80 ለማውረድ መድኃኒት የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ብዙ እንደ ኖሩ ስላሳየ ከጊዜው በፊት ቆሟል። በሽማግሌ ላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሌላ ነው፤ ከመኝታ ብድግ ሲሉ ግፊቱ በድንገት ወርዶ እንዳይጥላቸው ቆመውም መለካት አለባቸው። የዳሌ አጥንት ስብራት ለሽማግሌ ከስትሮክ ብዙ አይሻልም።

ታዲያ ግፊት በዕድሜ መውጣቱ የተፈጥሮ ሕግ ነውን? አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. በ52 የዓለም ቦታዎች ወደ ዐሥር ሺህ ሰዎች በተመረመሩበት ጥናት፥ ጨው ከምግባቸው ጋር የማይቀላቅሉት የብራዚል ጫካ ነዋሪዎች፥ ያኖማሚ የሚባሉት፥ አማካይ ግፊታቸው 96 በ61 ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሲያረጁም አልጨመረም። እኛስ? የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ፥ ማለት ከአንድ የሻይ ማንኪያ የማያልፍ ጨው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በመላው ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት የእኛ አማካይ 8 ግራም ከሲሶ ያህል ሆኖ ተገምቷል። ይህ ጨው በርበሬው ውስጥ ነው፤ ሽሮው ውስጥ ነው፤ በምሥራቁ አገራችን ደግሞ ከቡና ቅጠል ተፈልቶ ወተት በሚጨመርበት ቁጢ ውስጥም ነው። በዚያው ጥናት ከ15 እስከ 69 ዓመት ካሉት ሰዎች 16 ከመቶ ያህሉ ከፍተኛ ግፊት ተገኝቶባቸዋል፤ አብዛኞቹም መድኃኒት አይወስዱም ነበር። ስለ አዲስ አበባ በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ ከወንዶች 31 ከመቶ፥ ከሴቶች 29 ከመቶ ገደማ ይላል። «የሀብታም በሽታ» የሚለው ወሬ በእነዚህ ቁጥሮች ፊት የሚቆም አይመስለኝም።

አሁን ወደ ጫት ልምጣ፤ ያለ እርሱ ስለ ጨርጨር መጻፍ አይቻልምና። በዚህ ላይ ለመስበክ መብት የለኝም። ደብተሬም፥ ጫማዬም፥ ወደዚህ የመጣሁበት የመኪና ዋጋም የተከፈለው በጫት ገንዘብ ነው። እውነቱን ግን መናገር ይገባል። በለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አለ፤ ሥራው እንደ አምፌታሚን ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ወደ ደከመ ነገር ይለወጣል፤ ነጋዴው በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ በሌሊት የሚከንፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። ካቲኖን ነርቮች ልብን የሚያፈጥነውንና ቧንቧን የሚያጠበውን ነገር እንዲረጩ ያደርጋል፤ ስለዚህ በሚቃምበት ጊዜና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ሰዓት ግፊትና የልብ ምት ከፍ ይላሉ። ነገሩ በዚያው አያበቃም፤ በቡታጅራ ተደርጎ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዘወትር በሚቅሙ ዐዋቂዎች ላይ የታችኛው ቁጥር ከማይቅሙት ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አመልክቷል።

እኔ ራሴ ይህን በገላዬ አይቻለሁ። በፈተና ሰሞን ሌሊቱን በጫትና በቡና ሳነብ አድሬ፥ ጧት በአንድ ክሊኒክ በር ሳልፍ በነጻ እንለካለን ሲሉ ክንዴን ሰጠሁ። ቆሜ፥ የሹራቤን እጅጌ ወደ ላይ ጠቅልዬ፥ ከጓደኛዬ ጋር እያወራሁ ተለካሁ። 148 በ92። የለካኝ ሰው «በሽተኛ ነህ፤ መድኃኒት ጀምር» ብሎ አሰናበተኝ። የዚያን ቀን ፈተና እንዴት እንደ ሠራሁት ባይነገር ይሻላል። ከሳምንት በኋላ ሌላ ቦታ አንዲት ነርስ ከወንበር አስደግፈው አምስት ደቂቃ ዝም አሰኝተው፥ እግሬን መሬት አስረግጠው፥ ክንዴን ጠረጴዛ ላይ በልቤ ትክክል አሳርፈው፥ በባዶ ክንዴ ላይ አስረው ሁለት ጊዜ ለኩኝ። 122 በ78 ሆነ። ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች፥ ከመለካታችሁ በፊት ግማሽ ሰዓት ቡናና ሲጋራ ይቅር፤ ጫት ከሆነ ደግሞ ለሌላ ቀን ማስተላለፉ ይሻላል። ሽንት የያዘው ሰው ቀድሞ ይውጣ። ለወፍራም ክንድ ጠባብ መታጠቂያ ከእውነቱ በላይ ቁጥር ይሰጣል። ከብርቱ አደጋ በቀር በአንድ ቀን መለኪያ ማንም በሽተኛ አይባልም።

ግፊት በአብዛኛው አያምም። ይህ ነው ክፋቱ። ራስ ምታት ያለበት ሁሉ ግፊት የለበትም፤ ግፊት ያለበትም ሁሉ ራሱን አያመውም። ክኒኑ የሚሠራው በተዋጠበት ቀን ብቻ ነው፤ ግፊቱ የወረደው በሽታው ስለ ጠፋ ሳይሆን መድኃኒቱ ስለ ያዘው ነው። አያቴ «ድኛለሁ» ያሉበት ቀን ክኒኑ ሥራውን በደንብ የሠራበት ቀን ነበር። ይህንን አንድ ዐረፍተ ነገር ክረምት ላይ በሚገባቸው ቋንቋ ብነግራቸው ኖሮ እያልሁ እስከ ዛሬ አስባለሁ።

በአገራችን ታሪክ እንግዳ ነገር አለ። በ1920ዎቹ ዓ.ም. የጨርጨር ገዥ ሆነው በአሰበ ተፈሪ የተቀመጡት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፥ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በሕፃንነታቸው እንግሊዞች ወደ ሕንድ ወስደዋቸው የተማሩት፥ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው የዘመናዊ ሕክምና ሐኪም ናቸው። አውራጃው የሐኪም ግዛት ነበር ማለት ነው። ዛሬ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ይገባሉ፤ የሚናገሩትም የእናቶቻችንን ቋንቋ ነው። «ደምሽ በዝቷል» በማለት ፈንታ «ደምሽ አልበዛም፤ ቧንቧው ውስጥ በኀይል እየሄደ ነው» ቢሉ ዋግምት አድራጊው ገበያው ይቀዘቅዝበት ነበር።

አያቴ በግራ እጃቸው መጉረስ ለምደዋል፤ ንግግራቸውም ተመልሷል፤ ቀኝ እጃቸው ግን ሲኒ አይይዝም። ክኒኑን እንዳይረሱት ከጧቱ ቡና ጋር አያይዘነዋል፤ ታናሽ እኅቴ አንደኛውን ሲኒ ከማቅረቧ በፊት ታስውጣቸዋለች። በፋሲካ ሄጄ ሲለኩ 138 በ82 ነበር። ዋግምቱን እንደሆነ ገና አልተዉትም፤ «እርሱማ ለወገቤ ነው» ይላሉ።